አንድ ማይክ፣ አራት ትራክ፦ ስለ ፖል ማካርትኒ የመጀመሪያ የብቻ አልበም ጥያቄና መልስ

ፖል ማካርትኒ ከእንግሊዙ ባንድ ከቢትልስ ሲለይ በ1970 ስላወጣው አልበም ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተብሎ ነበር። የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአልበሙም ስም ‹ማካርትኒ› ስለሆነ እንዳይምታታ ሰውየውን ፖል፣ ሥራውን አልበሙ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ቢትልስን እንጂ ይሄን አልበም ሰምቼው አላውቅም። በአጭሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ 13 ቁራጮች ያሉት፣ 35 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሸክላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኤፕሪል 17 ቀን 1970 ወጣ፤ አሜሪካ ከሦስት ቀን በኋላ። ድራሙን፣ ቤዙን፣ ጊታሮቹን፣ ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ካለበት ባለቤቱ ሊንዳ ናት፤ እሷም በድምፅ በማጀብ ብቻ። ከ13ቱ አምስቱ ግጥም የላቸውም። አሜሪካ ላይ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በአገሩ ግን የሳይመንና ጋርፈንከል ‹ብሪጅ ኦቨር ትረብልድ ዎተር› አላሳልፍ ስላለው ከሁለተኛ በላይ አልወጣም።

ጥያቄ፦ ቢትልስን ያፈረሰው ፖል ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ተራውን ብትቆጥረው መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ድራመሩ ሪንጎ ስታር ኦገስት 1968 ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሎ ሄዶ ተመለሰ። ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ ሃሪሰን ጃንዋሪ 1969 ላይ ለቀናት ወጥቶ ተመለሰ። ከፖል ጋር ዘፈኖቹን ይጽፍ የነበረው ጆን ሌነን ሴፕቴምበር 1969 ላይ በስብሰባ መሃል ‹በቃኝ› አለ፤ እሱ አልተመለሰም። ግን አዲስ የሸክላ ውል በእጃቸው ስለነበረ ወሬው እንዳይወጣ ተስማሙ። ፖል ያደረገው ምስጢሩን አደባባይ ማውጣት ነው፤ ያወጣውም በዚሁ አልበም ሰበብ ነው። ከታች እደርስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ያለ ሚክሰር ነው የቀዳው የሚባለው እንዴት ሊሆን ይችላል? እንዲያው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። የባንዱ ነገር ካለቀለት በኋላ ፖል ስኮትላንድ ውስጥ ኪንታየር ወዳለው እርሻው ሄዶ ሰነበተ። 1969 ሊያልቅ ሲል ለንደን ሴንት ጆንስ ውድ ሰፈር፣ ካቨንዲሽ አቬኑ ወዳለው ቤቱ ተመለሰና አንድ ስቱደር የሚባል ባለ አራት ትራክ የቴፕ መቅጃ ሳሎኑ ገባለት። ትራክ ማለት በአንዱ ቴፕ ላይ ጎን ለጎን ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር ነው። ቴፑ አንድ ኢንች ስፋት ያለው ነው። አብረው ሊመጡ የታሰቡት ሚክሰሩና የድምፅ ልክ የሚያሳዩት መርፌዎች ግን አልደረሱም። እሱም ሳይጠብቃቸው አንድ ማይክ ወስዶ ከማሽኑ ጀርባ በቀጥታ ሰካ። በኋላ ለጋዜጠኞች በበተነው ጽሑፍ ላይ መሣሪያውን ሲዘረዝር ‹ስቱደር፣ አንድ ማይክ እና ድፍረት› ብሎ ቀልዶበታል።

ሚክሰር ብዙ ማይክ ተቀብሎ፣ የእያንዳንዱን ጉልበት አመጣጥኖ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ጨምሮ ቀንሶ ወደ ቴፑ የሚልክ ገበታ ነው። እሱ ሲቀር ማስተካከያ የሚሆንህ የማይኩ ቦታ ብቻ ነው። መርፌ ደግሞ ከሌለ ልኩን በጆሮ ነው የምታገኘው። የዘፈኑን ከባድ ቦታ ሃያ ሰከንድ ያህል ቅዳ፣ መልሰህ ስማ። ከተሰነጠቀ ማይኩን አርቀው፣ ከደከመ አስጠጋው፣ እንደገና ቅዳ። ብዙ በማያስተጋባ ክፍል ውስጥ ርቀቱን ከ30 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስታደርገው ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ቃናውንም እንደዚሁ በቦታ ነው የምታገኘው። ማይኩ ከጊታሩ ቀዳዳ ፊት ከተደቀነ ‹ቡም፣ ቡም› እያለ ያስቸግራል፤ አንገቱ ከሆዱ ጋር ወደሚገናኝበት ካዞርከው ይጠራል። አንድ መዳፍ ያህል ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ከሚክሰሩ ቁልፍ የበለጠ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ድራም በአንድ ማይክ? ስኔሩ፣ ሲምባሉ፣ ከበሮው ሁሉ?

መልስ፦ ይበቃል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። አንዴ ከተቀዳ በኋላ ‹ሲምባሉን ቀንስልኝ› የሚባል ነገር የለም። ለዚህ አልበም ዓይነት ደረቅና ቀረብ ያለ ድምፅ ማይኩን ከድራሙ ፊት አንድ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በተቀመጠው ተጫዋች ትከሻ ከፍታ አቁመውና ወደ ስኔሩ (በዱላ ወደሚመታው ጠፍጣፋ ከበሮ) አዘንብለው። ቀድተህ ስትሰማ ሲምባሉ ከዋጠህ ማይኩን ዝቅ አድርገው፤ የእግሩ ከበሮ ከጠፋ ወደሱ አስጠጋው። ስኔሩ ‹ጭው› እያለ ካላቆመ አራት ጊዜ የታጠፈ መሐረብ ዳር ላይ ጣል አድርግበት። ከበሮው ውስጥ ደግሞ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ቆዳውን እስኪነካ ይገባል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በአመታቱ ነው። በስምንት ማይክ የለመደ ድራመር ሲምባሉን እንዳሻው ይመታዋል፤ ድምፁን የሚያመጣጥንለት ሌላ ሰው አለ። በአንድ ማይክ ግን አመጣጣኙ ክንዱ ነው። ሃይ-ሃቱን (በእግር የሚከፈት የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) ቀስ፣ ስኔሩን ጠንከር። የአልበሙን ድራም ስትሰማ ሲምባል እምብዛም የለም፣ ቶምቶሙ ይበዛል። ይሄ ከምርጫም ከግዴታም የመጣ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በላዩ ላይ ሲደርብ የመጀመሪያውን እየሰማ አይደል? ታዲያ እንዴት ሰዓቱ አልተዛባበትም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ቴፕ መቅጃ ላይ ሦስት ራሶች በተርታ አሉ፤ አንዱ ያጠፋል፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያሰማል። አዲስ ጊታር ስትደርብ የቆየውን ትራክ ከሦስተኛው ራስ ብትሰማ፣ እዚያ የደረሰው ቴፕ የሚቀዳውን ራስ አልፎ ነው። ቴፑ በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር ቢሮጥና በሁለቱ ራሶች መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ቢኖር፣ የምትጫወተው ወደ 130 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይቀመጣል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን ይሄ ከአንድ ምት ሩብ ይበልጣል፤ ጆሮ የማይለየው አይደለም። ስለዚህ ባለ ብዙ ትራክ ማሽኖች የቆየውን ትራክ ከሚቀዳው ራስ ከራሱ ያሰማሉ። ድምፁ ደብዘዝ ይላል፣ ሰዓቱ ግን ልክ ይሆናል።

ኮምፒውተርም ላይ ያው ችግር በሌላ ስም አለ። በሰከንድ 48,000 ናሙና እየቀዳህ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበትን ቋት) 256 ናሙና ካደረግህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 5.3 ሚሊሰከንድ፣ 1,024 ካደረግህ 21.3 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ መሄጃና መምጫው ይደመራል። የራስህን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ስትሰማ ሳታውቀው መጎተት ትጀምራለህ። ስትቀዳ ባፈሩን 64 ወይም 128 አድርግ፤ ካልሆነ ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ያለውን ቀጥታ መስሚያ ክፈትና የሶፍትዌሩን ዝጋ። ሁለቱም ከተከፈቱ ድምፅህ እጥፍ ሆኖ እንደ ቆርቆሮ ይሰማል።

ጥያቄ፦ አራቱ ትራክ ሲሞላስ?

መልስ፦ የተለመደው መንገድ ማሸጋገር ነው። ድራም በ1፣ ቤዝ በ2፣ ጊታር በ3 ቀድተህ ሦስቱን አመጣጥነህ ወደ 4ኛው ትገለብጣለህ። ከዚያ ሦስቱን አጥፍተህ ባዶ ቦታ ታገኛለህ። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያመጣጠንከው እስከወዲያኛው ነው፤ ቤዙ ቢያንስህ መመለሻ የለም። ሁለተኛ፣ ‹ሽ› የሚለው የቴፕ ድምፅም አብሮ ይደመራል። እኩል የተከፈቱ ሦስት ትራኮች ሲቀላቀሉ ‹ሽ› የሚለው ድምፃቸው ከአንዱ ጋር ሲነጻጸር በ5 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ላዩ ላይ አዲሱ ትራክ የራሱን ያክልበታል።

ፖል ሌላ መውጫ ነበረው። ፌብሩዋሪ 1970 ላይ ዊልስደን ሰፈር ወዳለው ሞርጋን ስቱዲዮ ሄዶ የቤቱን ባለ አራት ትራክ ቴፕ ወደ ባለ ስምንት ትራክ ገለበጠው። አራቱ እንዳሉ ቆዩ፣ አራት ባዶ ተጨመሩለት። ‹ኡ ዩ› የሚለውን ብንወስድ ሦስቱ ትራክ ቤት ውስጥ ያለ ግጥም የተቀዱ ናቸው። ግጥሙ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ስቱዲዮው ሊሄዱ ሲሉ ተጽፎ እዚያ ተዘፈነ። ስቱዲዮዎቹን ሲይዝ በራሱ ስም አልነበረም፤ ቢሊ ማርቲን እየተባለ ነው የተመዘገበው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የሚቀዳው የቱ ነው? ድራም ወይስ ጊታር?

መልስ፦ ‹ቫለንታይን ዴይ› ስለሚባለው ቁራጭ ፖል ራሱ ሲጽፍ አኩስቲክ ጊታሩ ቀደመ ካለ በኋላ ወዲያው ድራሙም ሊሆን ይችላል ብሎ ያስተካክላል። ጊዜው ገና ወራት እንኳ አልሞላውም! ይህንንና ‹ሞማ ሚስ አሜሪካ›ን የቀዳቸው ከዘፈኑ ይልቅ ማሽኑን ሊፈትን ነው፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል።

ብቻህን የምትሠራ ከሆነ ግን ሥርዓት ያዝ። መጀመሪያ አራት ምት ቆጥረህ ከነድምፅህ መሪ ጊታር ቅዳ፤ ይሄ በኋላ የሚጠፋ ነው። ቀጥሎ ድራም፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ መሪውን አጥፍተህ እውነተኛውን ጊታር፣ መጨረሻ ድምፅ። ድራሙን ወደ ኋላ ያቆየ ሰው ጊታሩ አዝማች ላይ የፈጠነበትን ሁሉ እያሳደደ ሊመታ ነው። በክሊክ (በጆሮህ ምት በሚቆጥርልህ ድምፅ) የምትቀዳ ከሆነም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባዶ ባር ከነቆጠራው ተዋቸው። የመጀመሪያዋ ምት የምትቆረጠው ሁልጊዜ በዚያ ስስት ነው።

ጥያቄ፦ ‹ዘ ላቭሊ ሊንዳ› ገና ጀመረ ሲሉት ያልቃል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ማሽኑ ሲገባ የመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በአንዱ ትራክ ድምፅና ጊታር፣ በሁለተኛው ሌላ አኩስቲክ ጊታር፣ በሦስተኛው መጽሐፍ በእጁ እየመታ፣ በአራተኛው ቤዝ። አራት ትራክ፣ አራት ነገር፤ ማሽኑ ይሠራል፣ አበቃ። ሊንዳ በሩን ከፍታ ስትገባ በሩ ሲጥ የሚልበት ድምፅም ውስጡ አለ። ሌላ ሰው አጥፍቶ ይቀዳው ነበር፤ እሱ የአልበሙ መክፈቻ አደረገው። ያቺን በር ያልሰማ ሰው አልበሙ ያልተጨረሰ ይመስለዋል። የሰማ ግን የሰው ሳሎን ውስጥ መግባቱን ያውቃል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ላይ ያለው የከበሮ ጫጫታስ? የአፍሪካ ነገር ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ የብራዚል ነው። የቁራጩ ርዕስ ‹ክሪን-አክሮሬ› ነው፤ በብራዚል ጫካ የሚኖሩ ሕዝቦች በዚያ ዘመን ይጠሩበት የነበረ ስም ነው፤ ዛሬ ፓናራ ይባላሉ። ፖል ስለነሱ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም አይቶ የአደኑን ስሜት በድራም ሊያመጣ ሞከረ። ሞርጋን ስቱዲዮ ውስጥ እሳት አነደዱ፤ የተጠቀሙበት ግን የጭራሮው ስብርባሪ ድምፅ ነው። ቀስትም ተወረወረ፣ ደጋኑም ተሰበረ። ሐሳቡ የሚወራለትን ያህል ሲሰማ አይጥምም፤ የአራት ደቂቃ ነገር በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ከአልበሙ አንድ ብቻ ልስማ ካልኩ የቱን?

መልስ፦ ‹ሜይቢ አይም አሜዝድ›። እዚህ ላይ ግን ስለ ‹የቤት አልበም› የሚወራው ወሬ ይሰነጠቃል። ይህ ዘፈን ቤት አልተቀዳም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1970 አቤይ ሮድ ባለው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ነው የተቀዳው። በዚያው ቀን ‹ኤቭሪ ናይት›ም ተቀዳ። የአልበሙ ሁለት ጠንካራ ዘፈኖች ከሙሉ ስቱዲዮና ከባለሙያ ቀጂ ጋር በአንድ ቀን ወጡ ማለት ነው። መሣሪያዎቹን ሁሉ ግን እዚያም የተጫወተው እሱ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ‹አየህ፣ ቤት ጥሩ ነገር አይወጣም› የሚል አለ፤ አልስማማም። ‹ጀንክ› በ1968 ሕንድ አገር የተጻፈ ዜማ ነው፤ ተራ ማይክ አይጎዳውም። ‹ሞማ ሚስ አሜሪካ› ደግሞ በድንገት የተገጠሙ ሁለት ቁራጮች ናቸው። የቱንም ያህል ማይክ ብትደረድርበት ዘፈን አይወጣውም። የአልበሙ ድክመት የመሣሪያ ሳይሆን የመራጭ ነው። ባንዱ ውስጥ እያለ አንድ ሐሳብ ሲያመጣ ጆን ፊቱን ያኮሳትር፣ የባንዱ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን ከመስታወቱ ጀርባ ዝም ይል ነበር፤ ያ ኩስትሪያ ብዙ ዘፈን አድኗል። ሳሎን ውስጥ ‹ይሄስ ይቅርብህ› የሚል የለም።

ጥያቄ፦ ጋዜጠኛ ሳይጠይቀው ራሱን ጠይቆ ራሱ መለሰ የሚባለው ነገር እውነት ነው?

መልስ፦ ጋዜጠኛ ፊት ሳይቀመጥ መመለሱ እውነት ነው፤ ጥያቄዎቹን ማን እንደጻፋቸው ግን አከራካሪ ነው። እኛም በጥያቄና መልስ ስለሱ መነጋገራችን ገጥሟል። ፖል በዚያ ሰሞን ጋዜጠኛ ፊት መቀመጥ አልፈለገም። ስለዚህ ከአልበሙ የማስተዋወቂያ ቅጂዎች ጋር የታተመ ጥያቄና መልስ ለጋዜጦች ተላከ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቹ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ሊንዳ ድርሻ ናቸው። እየቆየ ይከርራል። ከቢትልስ ጋር አዲስ አልበም ወይም ነጠላ ዜማ ታስቧል? አይ። ከሌነን ጋር እንደገና አብረው ይጽፋሉ? አይ። ሌሎቹን ቢትልሶችና ጆርጅ ማርቲንን ሲቀዳ ናፍቆ ነበር? አይ። ልዩነቱ ጊዜያዊ ነው የዘለቄታ ለሚለው ግን አላውቅም ነው ያለው፤ ምክንያቱን የግል፣ የንግድና የሙዚቃ ልዩነት ብሎ ደርድሮ ከሁሉም በላይ ከቤተሰቤ ጋር ስሆን ይሻለኛል ሲል ይጨርሳል።

ልብ ብለህ ካነበብከው ‹ወጥቻለሁ› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም። ኤፕሪል 10 ቀን ግን ‹ዴይሊ ሚረር› ፖል ቢትልስን ለቀቀ ብሎ ፊት ገጹ ላይ አወጣው፣ ዓለምም ተቀበለው። ጆን በኋላ እጅግ ተናደደ፤ መጀመሪያ የወጣሁት እኔ፣ ዜናውን የሸጠበት እሱ ነው ባይ ነበር። ደግሞም ሐቅ አለው።

ጥያቄ፦ ሪንጎን ከቤት አባረረው የሚባለውስ?

መልስ፦ አዎ። ነገሩ በሸክላው መውጫ ቀን የተነሳ ጠብ ነው። የባንዱ የመጨረሻ ሸክላ ‹ሌት ኢት ቢ› ሊወጣ ነበር፤ አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ፊል ስፔክተር በማርች መጨረሻ እዚያው አቤይ ሮድ እያቀናበረው ነበር። ሁለቱ ሸክላዎች ገበያ ላይ እንዳይጋጩ ጆንና ጆርጅ የፖልን ወደ ጁን 4 እንዲገፋ ወሰኑና ደብዳቤ ጻፉ። በተላላኪ ከሚሄድበት እኔ ልውሰደው ብሎ ማርች 31 ቀን ሪንጎ ይዞት ሄደ። ፖል ጮኸበት፣ ከቤቱም አስወጣው። ሪንጎ ሲመለስ ግን ቂም አልያዘም፤ ይህን ያህል ከፈለገው ቀኑን ስጡት አላቸው። በዚህ የተነሳ ኤፕሪል 17 ጸና፣ ‹ሌት ኢት ቢ› ወደ ሜይ 8 ሄደ።

ጥያቄ፦ ገቢው የራሱ ነበር? ባንድ ለሚለቅ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

መልስ፦ አልነበረም! አራቱ በ1967 በተፈራረሙት የሽርክና ውል መሠረት ከግጥምና ዜማ ድርሻ በቀር የብቻ ሸክላ ገቢም ወደ ጋራ ቋት ነበር የሚገባው። ብቻህን ሠርተህ፣ ብቻህን ተጫውተህ፣ ክፍያው ለአራት። በዚህም ላይ የሦስቱ ሥራ አስኪያጅ አለን ክላይን ነበር፤ ፖል ደግሞ ክላይንን አልፈለገም። ዲሴምበር 31 ቀን 1970 ሽርክናው ይፍረስልኝ ብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በማርች 1971 ፍርድ ቤቱ የጋራ ሒሳቡን የሚይዝ ገለልተኛ ሰው ሾመ። ሙሉ በሙሉ የፈረሰው በ1975 መጀመሪያ ነው። ለአንድ ውል አራት ዓመት ሙግት።

ለራስህ ከሆነ ከመውጣትህ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት አስፍር፤ የባንዱ ስም የማን እንደሚሆን፣ የትኛውን ዜማ ማን እንደደረሰው፣ ከወጣህ በኋላ የምትሠራው ባንዱን እንደማይመለከት። ሁሉም ይፈርምበት። ‹እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል› ያሉ ሁሉ ፍርድ ቤት ሲገናኙ ወንድማማችነቱ አያግዛቸውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የእኛ አገር አቀናባሪ ሁሉን በኪቦርድ ብቻውን ይሠራ የለ? ታዲያ ይሄ ምኑ ይደንቃል?

መልስ፦ ብቻን መሥራቱ አይደንቅም፣ ልክ ነህ። ልዩነቱ ስህተቱ የት እንደሚታረም ነው። በኪቦርድና በኮምፒውተር የተሠራ ድራም ዘግይቶ ቢመታ ነጥቡን ይዘህ ወደ መስመሩ ትጎትተዋለህ፤ ቤዙን ከሳምንት በኋላ በሌላ ድምፅ ትቀይረዋለህ። ቴፕ ላይ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስኔር ከሳትክ ወይ ትተወዋለህ ወይ ከመጀመሪያው ትመታዋለህ። ቁራጭ መተካት ቢቻልም ጣትህ ለአፍታ ከቀደመች ጤነኛውንም አጥፍተኸዋል። አልበሙ ላይ የተተዉ ስህተቶች የበዙት ለዚህ ነው። ‹ሞማ ሚስ አሜሪካ› ሲጀምር ቁራጩን በሌላ ስም ጠርቶ ‹የመጀመሪያ ሙከራ› የሚል ድምፅ እንኳ አልተቆረጠም።

ጥያቄ፦ ከባንድ ወጥቼ እቤት ልቀዳ ነው። ያለኝ አንድ ክፍል ነው፣ ጎረቤቱም ቅርብ ነው። ምን ልግዛ? ዘፋኝ ነኝ፣ ጊታርና ቤዝ እጫወታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ አትግዢ። ሁለት መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ፣ አንድ ማይክ፣ ጆሮ የሚደፍን የጆሮ ማዳመጫ፣ የማይክ ማቆሚያና ድምፅ ላይ ‹ፕ› እና ‹ብ›ን የሚያለዝብ መከለያ ይበቃል። ክፍሉ ባዶና የሚያስተጋባ ከሆነ ኮንደንሰር ማይክ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር ነው የሚሰበስበው፤ ዳይናሚክ ማይክ ያዋጣሻል። ቤዙን ገመድ ሰክተሽ በቀጥታ ቅጂ፣ ጎረቤት አይሰማም።

ስትዘፍኚ ጀርባሽን ወደ ባዶ ግድግዳ አትስጪ። ማይኩ የሚያየው አንቺንና ከኋላሽ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የሚሰቀለው ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከአንቺ ጀርባ ነው። ይህን ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ቁም ሣጥን ተከፍቶ ልብሱ ከኋላሽ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከአፍሽ እስከ ማይኩ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር አድርጊው።

ቅጂውን በ24 ቢት አድርጊና ልኩ ከባዱ ቦታ ላይ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መሃል እንዲመታ አድርጊ። ቴፕ ሲጫኑት ቀስ እያለ ይጎረብጣል፣ አንዳንዴም ያምራል። ዲጂታል ግን ጣሪያውን ዜሮን ሲያልፍ በቢላ እንደተቆረጠ ነው፣ ማስታመሚያ የለውም። ለድራሙ ክፍልሽ አይሆንም፤ የሰው ድራመር ከሌለ መጽሐፍ፣ ካርቶን፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ ይሁን፤ ከሐሰተኛ ድራም ሺህ ጊዜ ይሻላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ሶፍትዌሩ ያለገደብ ቢፈቅድልሽም ራስሽን በአራት ትራክ ገድቢ። አምስተኛው ትራክ ሲያምርሽ ከአራቱ የትኛው ደካማ እንደሆነ ትጠይቂያለሽ። የዘፈኑን መድከም በድምፅ ብዛት መሸፈን የሚጀመረው አምስተኛው ላይ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ይህን ያህል ነው፦ ቀድተሽ ስትጨርሺ ሙዚቃ የሚያውቅ፣ አንቺን የማይፈራ አንድ ሰው ጠርተሽ ሁሉንም አሰሚው፤ የትኛው ሦስቱ ይውጣ ብለሽ ጠይቂ። የትኛው ጥሩ ነው አትበዪው፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይልሻል።

ጥያቄ፦ ያኔ ተቺዎቹ ምን አሉ?

መልስ፦ አብዛኛው ቅር ተሰኘ፤ ከቢትልስ የመጨረሻ ሸክላዎች ድምቀት በኋላ የሳሎን ሙከራ የጠበቀ አልነበረም። ጆርጅ ሁለት ዘፈን አወደሰ፤ አንዱ ‹ሜይቢ አይም አሜዝድ› ነው፣ ሌላው ‹ዛት ዉድ ቢ ሰምቲንግ›፤ የቀረውን ደህና ነው አለ። ጆን ቆሻሻ ነው አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጆርጅ ባለ ሦስት ሸክላ አልበምና የጆን የመጀመሪያው ሲወጡ ንጽጽሩ ፖልን ይበልጥ ጎዳው። በኋላ ላይ ግን ቤታቸው የሚቀዱ ወጣቶች ሲበዙ አልበሙን እንደ አባት ቆጠሩት።

ጥያቄ፦ ‹ሜይቢ አይም አሜዝድ› ያን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ነጠላ ሸክላ አልሆነም?

መልስ፦ ያን ዓመት ከአልበሙ አንድም ነጠላ አልወጣም። በ1977 በኋላ ካቋቋመው ባንድ ከዊንግስ ጋር በመድረክ የተቀዳው ወጥቶ አሜሪካ አሥረኛ ገባ።

ጥያቄ፦ የሽፋኑ ፎቶ ምንድን ነው? ቼሪ ነው?

መልስ፦ ቼሪ ነው፣ ከጎኑ ሳህን አለ። በስተጀርባው ያለው ፎቶ ግን ይበልጣል፤ ፖል ስኮትላንድ ውስጥ ጃኬቱን ከፍቶ ሕፃኗን ሜሪን እቅፉ ውስጥ ሸጉጧታል። ያነሳችው ሊንዳ ናት። የፊተኛው ብዙ አይናገርም።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ወደ ባለሙያ ስቱዲዮ ተመለሰ ወይስ ልማዱ ሆነ?

መልስ፦ ተመለሰ። ቀጣዩን አልበም ‹ራም›ን በሊንዳና በራሱ ስም በ1971 ሲያወጣ ኒውዮርክ ሄዶ የተቀጠሩ ተጫዋቾች ይዞ ነው። ከዚያ ዊንግስ መጣ፣ ዓመታት አለፉ። በ1979 አጋማሽ ግን እርሻው ላይ ብቻውን ተቀምጦ በ1980 የወጣውን ‹ማካርትኒ 2›ን ሲቀዳ ባለ 16 ትራክ ስቱደር አስመጥቶ ነበር። ገንዘብም፣ ሚክሰርም፣ ቀጂም የማግኘት ችግር የለበትም። ማይኩን አሁንም ከማሽኑ ጀርባ በቀጥታ ሰካው።